ዛሬስ ምን ቀቧት?

እናቴ ወንድሜን ወልዳ አራስ ሳለች በየምሽቱ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር።

«ዛሬስ ምን ቀቧት?»

እኔም መጋረጃውን ገልጬ አልጋዋ ጫፍ ላይ እወጣና ከአያ ሰጠኝ ጋራዥ ያየሁትን ሁሉ እዘረግፍላታለሁ፤ ጣሪያዋ ዛሬ ተፋቀ፣ ጎማዎቿ ገቡ፣ መብራቶቿ ገና ናቸው እያልኩ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። ሁለታችን ስለ አንዲት ትልቅ መጫወቻ የምናወጋ ይመስለኝ ነበር። ያን ጊዜ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው።

መኪናዋ ከፕላስቲክ የተሠራች ናት። ርዝመቷ ያኔ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ ካለው ይበልጣል። አባቴ እንዳልካቸው ቱሪስቶችን ወደ ስሜን ተራሮች የሚያመላልስ ሹፌር ነበር። ከወሰዳቸው ፈረንጆች አንዱ፣ አባቴ ማታ ማታ መኪናውን እንደ ልጅ ሲያጥብ አይቶ ኖሮ፣ አገሩ ሲገባ የእሷኑ አምሳያ በካርቶን ላከለት። ካርቶኑ ሲከፈት ግን መኪና የለም። በቀጫጭን ዘንግ ላይ እንደ ፍሬ የተንጠለጠሉ ነጫጭ ቁርጥራጮች ናቸው፤ በር ለብቻ፣ መሪ ለብቻ፣ ወንበር ለብቻ፣ ጣት የምታህል የሹፌር ምስል ሳትቀር። እናቴ አይታ፣ «ደህና ሰው ስብርባሪ ይልካል?» ብላ ሳቀች። አባቴ ግን ካርቶኑን አቅፎ ከአጥራችን ጀርባ ወዳለው ወደ ወዳጁ ጋራዥ ሄደ። አያ ሰጠኝ መኪና ቀለም ቀቢ ነው። ሥራ ሲያበቁ ሁለቱ ተቀምጠው አካሏን በሙጫ አያያዙት። ቀለሟ ከሚቀጥለው ጉዞ መልስ ተባለ።

አባቴ ከዚያ ጉዞ አልተመለሰም። ሊማሊሞ ላይ መኪናው ገደል ገባች። ክረምት ነበርና ወደ ጎንደር የሚያወጣው መንገድ በናዳ ተዘግቶ፣ አዲ አርቃይ ወስደው ቀበሩት። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። የማናውቀው እኔና እናቴ ብቻ ነን፤ ማለቴ፣ ሰዎቹ እንደዚያ ይመስላቸው ነበር።

ለአራስ መርዶ አይነገርም። በድንጋጤ ወተቷ ይነጥፋል ይባላል። ወንድሜ ደግሞ ያለ ጊዜው የተወለደ ነው፤ እግሮቹ እንደ አውራ ጣቴ ቀጫጭን፣ ጡት ሲጠባ እንኳ ደክሞት የሚያቋርጥ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ይህን ልጅ የሚያተርፈው የእናቱ ጡት ብቻ ነው ብላ ሄዳለች። ስለዚህ የአባቴ እህት፣ አክስቴ ምንዳዬ፣ ከኮሶዬ መጥታ ቤቱን ያዘች። የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና እስኪነሳ ድረስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተማማሉ። የሚጠይቅ ሁሉ በር ላይ ፊቱን ታጥቦ፣ ፈገግታውን አስተካክሎ ነበር የሚገባው። እኔ ግን ሰው ሁሉ ለወንድሜ ሲል ንጹሕ ሆኖ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ በመጀመሪያው ሰሞን አክስቴን አንድ ጊዜ ጠይቃታለች። አባቴ ምነው ዘገየ አለቻት። አክስቴ ገንፎ እያማሰለች ነበር፤ ቀና ሳትል መለሰች።

«አዲ አርቃይ ቀርቷል። ማኪናዋ ተሰብራለች።»

እናቴ ሌላ ጊዜ አልጠየቀችም። እኔም አባቴ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ እግሩን አንፈራጦ መለዋወጫ ሲጠብቅ ታየኝ። አክስቴ ፆመኛ፣ ኃጢአት የምትፈራ ሴት ናት። ከተናገረችው ውስጥ ውሸት አልነበረም።

አንድ ጠዋት ጋራዡ ስደርስ መኪናዋ ከካርቶኗ ወጥታ ጣውላ ላይ ተቀምጣለች። አያ ሰጠኝ ጣሳ ሲከፍት ቀለሙን አወቅሁት። የአባቴ መኪና የተቀባችበት፣ የተልባ አበባ የመሰለ ሰማያዊ ነው፤ ከእሷ የተረፈው ነበር። በቲነር አቀጠነው። ነፋባት። ጥቂት ቆይቶ ግን የመኪናዋ ቆዳ እሳት ዳር እንደተጣለ ስልቻ ተጨማደደ።

«አያ ሰጠኝ፣ ምነው ተኮማተረች?»

«ቲነሩ በላት» አለኝ። «ብረት መስላኝ። ዕድሜዬን ብረት ስቀባ ኖሬ፣ ብረት መስላኝ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ለቀለም የሚያለቅስ ትልቅ ሰው መኖሩ ገርሞኝ ማታ ለእናቴ ነገርኳት። አልሳቀችም። «ነገ ውኃ አቀብዪው» አለችኝ።

አቀበልኩት። የተጨማደደውን በውኃ በተነከረ የብርጭቆ ወረቀት ፋቀው፤ እኔ በኩባያ ጠብ ጠብ አደርግለታለሁ፣ ሰማያዊ ጭቃ በክርኑ ይወርዳል። የተቦረቦረውን በስቱኮ ደፈነ፤ ሲደርቅ እንደገና ፋቀ። ከዚያ ሌላ የመሠረት ቀለም አፈላልጎ አመጣና ከሩቅ ቆሞ እንደ ጉም ስስ አድርጎ ነፋባት። አንዱ ቅብ ሳይደርቅ ሌላውን አይደርብም። እስኪደርቅ እንኳ ሥራ አይዝም፤ ውጭ የቆሙት መኪኖች ጎናቸው ተልጦ ይጠብቁታል።

ሹፌሮች ሥራ ሲፈቱ ይመጣሉ። አብዮት የሚባል የሚኒባስ ሹፌር ነበር፣ ሲናገር ዓይኑን ጠቀስ የሚያደርግ።

«አንተ ሰጠኝ፣ የእኔን ሚኒባስ ቀብተህ ስትሰጠኝ በሩ ላይ ዝንብ ከነክንፏ ነበረች» አለው። «እስከ ዛሬ አብራኝ ትሠራለች። ሒሳብ ግን አትቀበልም።»

«ያንተን ማኪና ዝንቧ ናት ያሳመረቻት» አለ አያ ሰጠኝ።

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ሳቁ እንደ ጀመረ በአንድ ጊዜ ተቋረጠ፣ ሁሉም መኪናዋን ማየት ጀመሩ። ለክርስትናው ማግስት መድረስ አለባት ሲሉ ሰማሁ። እንግዲያው የወንድሜ የክርስትና ስጦታ ናት ብዬ ትንሽ ቀናሁ። ማን ይሸከማታል ተባባሉ። እኔ እችላለሁ አልኩ።

ከዕድሩ ሽማግሌዎች አንዱ ደግሞ ዱላቸውን ተደግፈው ቆይተው፣ ፈረስ ቢኖር ይሻል ነበር አሉ። ድሮ ቢሆን ፈረሱ ተጭኖ ነው የሚወጣው አሉ። አያ ሰጠኝ የእንዳልካቸው ፈረስ ገደል ነው ያለችው፣ ይቺ ትተካለታለች ብሎ መለሰ።

ይህን ለእናቴ እየተጣደፍኩ ነገርኳት፤ ለአባዬ ፈረስ ሊገዙለት አስበው ነበር፣ አያ ሰጠኝ ግን መኪና ይሻላል አለ ብዬ።

«ፈረስ?» አለች እናቴ።

«አዎ፤ ተጭኖ የሚወጣ።»

በአገራችን ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ኮርቻው ተጭኖ፣ ጌታው ሳይቀመጥበት ልቅሶው መሐል ይጎተታል። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እናቴ ግን ኮሶዬ ተድራ የኖረች ናት፤ ታውቃለች። ወንድሜ ደረቷ ላይ ተኝቷል። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

«ገንፎውን አቀብዪኝ» አለች።

ቀዝቃዛ ነበር፤ ቅቤው ጠርዙ ላይ ረግቷል። ሙልጭ አድርጋ በላችው። እናቴ ድሮ ቁራሽ ቆንጥራ የምትተው ሴት ነበረች። በዚያ ሰሞን ግን አክስቴ ያቀረበችውን ሁሉ ትጨርሳለች፤ አብሹን በትልቁ ኩባያ ትጠጣለች፤ ሲያልቅም «ጨምሩልኝ» ትላለች። ዓይኗን ጨፍና፣ ጉንጯን ሞልታ፣ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ስትውጥ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። አክስቴ በር ላይ ለጎረቤት ሴት፣ ምንም አልጠረጠረች፣ አይ የዋህነቷ፣ እህል ተስማምቷታል ብላ ስታንሾካሹክ ሰምቻለሁ። እኔም እናቴ ሆዳም ሆነች ብዬ አፈርኩባት። ወንድሜ ግን ጉንጭ አወጣ። እግሮቹ ላይ ሥጋ መጣ። ሲጠባ ማቋረጡን ተወ።

አንድ ማታ መኪናዋ አለቀች አልኳት። ሰማያዊው ቀለም ፊት የሚያሳይ ሆኖ ወጥቷል፣ አያ ሰጠኝ በለስላሳ ጨርቅ ሲወለውላት ጥርሴን አየሁባት አልኩ።

«በሮቿስ?»

«ልስልስ ያሉ ናቸው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

እናቴ መዳፌን ያዘችና በጣቷ በር ሣለችበት። ከእጀታው ዝቅ ብሎ አንድ ቦታ ጫን አደረገችው። «የሹፌሩ በር እዚህ ላይ ስርጉድ ነበር። ኮሶዬ ላይ በሬ የወጋው። አባትሽ አላስቀናውም፤ ይህ የአገሬ ማኅተም ነው ይል ነበር። ለሰጠኝ ንገሪው። እማዬ ነገረችኝ ግን አትበዪው።»

በማግሥቱ ነገርኩት። ጨርቁን አስቀመጠ።

«ማን ነገረሽ?»

«እኔ ራሴ አውቃለሁ።»

ብዙ አየኝ። ከዚያ ከሰል አያያዘ፤ ማንኪያ ፍሙ ላይ አግሎ እጀታውን በጨርቅ ጠቀለለና፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሲያለሰልሰው ወደከረመው በር አስጠጋው። እጁ ቆመ። እኔ በጣቴ ቦታውን አሳየሁት። የማንኪያውን ጀርባ ጫን አደረገው፤ ፕላስቲኩ እንደ ሰም ላላ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ሲያነሳው በሩ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ቀርቷል። የቆሰለውን ቀለም ደግሞ ሌላ ቀን በቀጭን ብሩሽ አደሰው።

«እናትሽ ትበላለች?» አለኝ እየቀባ።

«ገንፎ ከነሳህኑ።»

«ሸጋ» አለ። «ደግ አደረገች። ትብላ።»

ያን ዕለት አያ ሰጠኝ እናቴ እንደምታውቅ ዐወቀ። ለአክስቴ ሊነግራት ይችል ነበር፤ ለሽማግሌዎቹም። ቢነግራቸው ሴቶቹ ያፈኑትን እንባ ይዘው ቤቱን ይሞሉት ነበር። ዝም አለ። እናቴም እሱ እንደገባው ገብቷታል። ሁለቱ በእኔ አፍ ሲነጋገሩ እንደነበር እኔ አላወቅሁም፤ መልእክቱን የተሸከመ ጀርባ ውስጡን አያይም።

የመስታወቶቹ ተራ ሲደርስ ያቺ የሹፌር ምስል አሁንም ጣውላው ላይ እንደተጋደመች ናት። መስታወቱ ከተለጠፈ በኋላ መግቢያ እንደሌላት ገብቶኛል።

«ሹፌሩን ምነው አታስገባውም?»

«ቀለም አልደረሰውም» አለና አንስቶ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። መስታወቱን ለጠፈ።

ማታ የሹፌሩ ወንበር ባዶ ነው ስላት፣ እናቴ ተኝቶ የነበረውን ወንድሜን ቀስቅሳ ጡቷን አጎረሰችው። ፊቷን ነጠላዋ ውስጥ ስለከተተች ምን እንደምታደርግ አላየሁም።

ይህን ሁሉ እናቴ የነገረችኝ እኔ ራሴ የበኩር ልጄን ወልጄ አራስ ሳለሁ ነው። ባለቤቴ ወደ ደባርቅ ጭነት ይዞ ወጥቶ አምሽቶ ነበር፤ ስልኩ አይሠራም። እናቴ ገንፎዬን ስገፋ አየችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«ብዪ» አለችኝ። «የመጣ ይምጣ፤ መጀመሪያ ብዪ።»

ከዚያ ነገረችኝ። አክስቴ ያን ቀን ገንፎ እያማሰለች ስትመልስላት፣ አዲ አርቃይ ቆይቷል አላለችም፤ ቀርቷል ነው ያለች። የሚመለስ ሰው ይቆያል፤ የማይመለስ ነው የሚቀር። ምንዳዬ ወንድሟን በሕይወት እያለ ቀረ አትለውም ነበር።

«ምነው ታዲያ ዝም አልሽ?» አልኳት።

«ካወቅሁ ልቅሶ ልቀመጥ ነው። ልቅሶ ከተቀመጥኩ ፊቴን ልነጭ፣ ደረቴን ልደቃ ነው። የምደቃው ደረት የወንድምሽ መሶብ ነበር።» ገንፎዬን መልሳ አስጠጋችልኝና፣ «አንቺ ማታ ማታ ስትነግሪኝ ግን አባትሽን በሆዴ እቀብረው ነበር» አለች። «አንድ ቀን በሩን፣ አንድ ቀን ጎማውን።»

ባለቤቴ በሰላም ገባ። ገንፎውን ግን ከመግባቱ በፊት ጨርሼዋለሁ።

የወንድሜ ክርስትና ፀሐይ የወጣበት ቀን ነበር። እናቴ ነጭ ለብሳ፣ ልጁን ታቅፋ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እልልታውን የጀመረችው እሷ ናት። ሴቶቹ ተቀበሏት፤ አንዳንዶቹ ግን እልል እያሉ መሬት መሬት ነበር የሚያዩት። ቄሱ ልጁን አንስተው ክብደቱን በእጃቸው መዝነው፣ ተመስገን አሉ። አክስቴ ምንዳዬ ይህን ስትሰማ ጓዳ ገብታ ቆየች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የውጭ በር ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹ፣ የንስሐ አባታችን፣ ከኋላቸው አያ ሰጠኝ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ማን እንደሚጀምር ሳይለይ እየተያዩ ነው። ሴቶቹ ውጭ አጥር ሥር ተቀምጠው ይጠብቃሉ። እኔ ስጦታው መጣ ብዬ ከአልጋዬ ዘለልኩ። አክስቴ መብራቱን ይዛ ወደ እናቴ መጋረጃ ስትሄድ መጋረጃው አስቀድሞ ተከፍቷል።

እናቴ ነቅታ፣ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ወንድሜ ከጎኗ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ ከንፈሩ ላይ ወተት አለ።

«ግቡ» አለቻቸው። «ልጁ ጠብቷል።»

ሊቀመጥ የደፈረ አልነበረም። የንስሐ አባታችን ያዘጋጁትን ቃል ረሱት። አክስቴ መብራቱን እንደያዘች ቁጭ አለች። ያን ጊዜ እናቴ ጮኸች። እንዲያ ያለ ድምፅ ከእሷ ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር፤ ስንት ጊዜ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ድምፅ ነው። ውጭ ያሉት ሴቶች ተቀበሏት። እኔን አንዲት ጎረቤት በጓሮ በር አውጥታ ቤቷ ወሰደችኝ። ዳቦ ሰጠችኝ። ምን ሆኑ ብላት ትልቅ ስትሆኚ ታውቂያለሽ አለችኝ። ዳቦውን በላሁና በአጥሩ ቀዳዳ ወጣሁ።

ሜዳው ላይ ሰው ሞልቷል። ሹፌሮቹ መኪኖቻቸውን ዳር ዳር አቁመው ቆመዋል። ከዚያ አብዮት ጥቁር ጨርቅ የለበሰ ጣውላ በሁለት እጁ ይዞ ወጣ፤ ጣውላው ላይ እሷ ናት። ፀሐይ አገኘቻትና ሰማያዊዋ አበራ። ስርጉዷ ሳይቀር ጥላ ይዞ ይታያል። አብዮት ዓይኑን አይጠቅስም፤ ቀስ እያለ በልቅሶው መሐል ይዟት ይዞራል፣ ሴቶቹም ከኋላዋ ይከተላሉ።

እኔ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ውኃ ያቀበልኳት እኔ፣ ስርጉዱን ያሳየሁ እኔ፣ አሁን አገር ምድሩ ወጥቶ ያያታል። በሰዎቹ እግር መሐል ሾልኬ ከአብዮት ጎን ደረስኩና ለሁሉም እንዲሰማ ጮኽኩ።

«የአባቴ መኪና ናት!»

አስለቃሿ ድምፄን ሰማች። ከኮሶዬ የመጣች ረጅም ሴት ናት። እጇን አንሥታ ሰዉን ጸጥ አሰኘች፣ እኔን በጣቷ አሳየች፣ ቃሌን ተቀብላ በዜማ አወጣችው።

የአባቴ ናት አለች ልጁ መኪናይቱን፣
ማን ይንገራት ለሷ፣ በገደል መቅረቱን።

ሜዳው ተነቃነቀ። ወንዶቹ ሳይቀሩ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አያ ሰጠኝ እጁን ደረት ኪሱ ላይ አድርጎ ተንበረከከ። እናቴን አየኋት፤ ሴቶች በሁለት በኩል ደግፈዋታል፣ የጥቁር ቀሚሷ ደረት በሁለት ቦታ ርሷል። ውኃ ደፍታ መሰለኝ። ልጁን ስጡኝ ትላለች፤ እነሱ በሐዘን ላይ አይጠባም ይላሉ፤ እሷ ስጡኝ ትላለች። ሰጧት።

ዘፈኑ የእኔ ነበር። ቃሉን የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ ይህ ሁሉ ሰው እኔን ተቀብሎ ይዘፍናል። አስለቃሿ ደገመችው፤ ማን ይንገራት አለች። እኔም መኪናዋን እየተከተልኩ፣ ከሁሉም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ማን ይንገራት እያልኩ አጨበጨብኩ።